አራት ሆሄ

ሆልደርነስ ላይ ባሕሩ አፈር ይበላል፣
በየክረምቱ ሁለት ሦስት ክንድ ወደ ቤቱ ይጠጋል።
የሜቪስ ብሌንኪን አጥር አምና ሄዷል፣
የዶሮዎቿ ቆጥ በየካቲት ተከትሏል፣
ከልብስ ማስጫው ምሰሶ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ገደል ገብቷል፤
ገመዱ ግን አልተበጠሰም፣ ወደ ባሕር ተንጠልጥሏል።

ኬልቪን ጋርበት መጣ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ፣
ሲያዩት መጋረጃ የሚዘጋበት፣ ልጅ ከሩቅ የሚሸሽ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሲያድል አንዱን እንኳ አላነበበም፤
«አንባቢው ሌላ ነው፣ እኔ እግር ነኝ» ይላል፣ አያፍርም።
ቃሎቹን ግን በክብደት ያውቃል፣ እንደ ፖስተኛ ጥቅል፦
ሰመንስ ቀጭን ናት፣ በበር ሥር ትሾልካለች እንደ ቅጠል፤
ዋራንት ፖሊስ ያስከትላል፣ ውሻ ያስጮኻል ሲደርስ፤
ኢንጀንክሽን ባልን ከሚስት ደጅ፣ ከደረጃው ሲመልስ፤
ዲክሪ ትዳር ታበቃለች፣ ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ሁልጊዜ የሚርስ።
ሪት የዛሬዋ ናት። አጭር ናት። ቤት ታፈርስ።

«ግባ! ክፍት ነው!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ፤
በሩ ከነቁልፉ ጠሟል፣ ቤቱ ሲያጋድል ከልኩ ወጣ።
ሜቪስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ፣ ጋዜጣ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣
እርሳሷን ላሰች፤ ቀና ሳትል፣ ያለ ሰላምታ፦

«የሹም ትእዛዝ። አራት ሆሄ። ሁለተኛው አይ ነው» አለችው።
ኬልቪን ፖስታውን እንደያዘ ቆመ፤ ጥያቄው ሕጋዊ መሰለው።
«ሪት» አለ፣ እጁ ላይ ስለነበረ እንጂ አስቦ አይደለም።
«በሪት አይ ሦስተኛ ነው የኔ ልጅ፣ አይገጥምም።»
«ኢዲክት?» «አምስት።» «ማንዴት?» «ሰባት፤ እሱን ትናንት ሞልቻለሁ።
ኦርደር ካልክማ ዝናቡ ላይ ቁም፣ እቆልፋለሁ።»

በእኛ ፊደል ቢሆንማ ሪት በሁለት ሣጥን ታልቃለች፤
በእነሱ አራት ትወስዳለች፣ ፊቷ ላይ ዲዳ ታቆማለች፤
የሚጻፍ፣ የማይነበብ ሆሄ፣ በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ፣
ምንም የማይል፣ ግን ካላለፉት የማያስገባ ወደ ዳኛ።

«ታውቃለህ» አለች። አርባ ዓመት ላቲን አስተምራለች፣
ጡረታ ስትወጣ ጠመኔውን ጥላ ቋንቋውን ይዛ ወጣች።
«ኢንጀንክሽን ከሥሩ ቀንበር ነው፣ በሬ የሚጠመድበት፤
ማንዴት እጅ ነው፣ ሰው በሰው እጅ አደራ የሚያኖርበት፤
ሰመንስን መክሰስ አደረጋችሁት? በሹክሹክታ ማስታወስ ነው።
አሁን ሁሉም ጯኺ ሆነ፤ ቃል ድሮ መቼ እንዲህ ነው?»

ከውጭ አንድ ነገር ዘፍ አለ፣ የመስኮቱ መስታወት ጮኸ።
ኬልቪን ወደ በሩ አፈገፈገ። እሷ ጋ ግን የተነቃነቀ የለ።
«የሣር ሜዳዬ ነው» አለች፣ ስም እንደሚጠራ አስተማሪ፣
«እሱ ያለ ወረቀት ይሄዳል፤ ያለ ማኅተም፣ ያለ ጠሪ።»

ድንገት እርሳሷ ቆመ። «ፊያት! ምነው፣ ደንዝዣለሁ!»
«እሱ መኪና ነው እኮ፤ ነበረኝ፣ ጨው ሲበላብኝ ለቆራሌ ሸጫለሁ።»
ሳቀች፣ እስክታስል ሳቀች፤ ከዚያ በጥንቃቄ ሞላች፣
አንድ ሆሄ፣ አንድ ሣጥን፤ እጇ ቢንቀጠቀጥም አልሳተች።
«ትርጉሙ ‹ይሁን› ነው» አለች። «ብርሃን የወጣበት።»

ይሁን።
ፈጣሪ በጨለማ ፊት የተናገረው፣
ተሸናፊም ወረቀቱን ተቀብሎ ሲፈርም የሚለው፤
ካንዱ አፍ ይወጣል፣ ሰማይ ይዘረጋበታል፣
ከሌላው ይወጣል፣ ሻንጣ ይታሰርበታል።

ፈረመች፣ በዚያው እርሳስ። ደንቡ በእስክሪብቶ ይላል፤
ኬልቪን አላረማትም። እርማት የሷ ሥራ ነው፣ ያውቃል።

መኪናው ውስጥ፣ ዝናብ መጥረጊያው እየሄደ፣ ቅጂውን ገልጦ አነበበ፤
«በዚህ ታዘዋል» የሚለው ጋ ደርሶ፣ ማን እንዳዘዘ አሰበ።
ማኅተሙን አየ። ከዚያ ገመዱን፣ ነፋስ ላይ ሲወዛወዝ፤
አንድ ሸሚዝ ቀርቶበታል፣ እጅጌው ባሕሩን የሚያዝዝ።